ባትሪ የማይፈልገው ማብሪያ ማጥፊያ ቤታችን ገብቶ ምን አመጣ?

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ባትሪ የሌለው ገመድ አልባ ማብሪያ ማጥፊያ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ዕቃ ነው። ግን ለሁሉም ቤት አይሆንም፤ ለሁሉም ጣትም አይሆንም። በተለይ በዕድሜ የገፋ ወላጅ አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

የምንኖረው ሙኒክ ነው፣ ኪራይ ቤት። ነርስ ነኝ። ተራዬ ሲያመሽ ቤት የምገባው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና እናቴ አሉ። ባለቤቴ ሳሎኑንም ኮሪደሩንም በስልክ በሚታዘዙ ስማርት አምፖሎች፣ ፊሊፕስ ሂው በሚባሉት፣ ሞልቶታል። ብርሃናቸው በእውነት ደስ ይላል። ማታ ቢጫማና ለስለስ ያለ ይሆናል፣ ጠዋት ነጭ። ጥያቄው ማን ያበራዋል የሚለው ነበር። ስልክ በእጁ የያዘ ሰው ብቻ!

እናቴ ስልኳን የምትፈልገው አዲስ አበባ ካሉ እህቶቿ ጋር ለመጫወትና ስብከት ለመስማት ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ በሌሊት የተነሳችን ሴት ስልክ ክፈቺ፣ አፑን ፈልጊ፣ ክፍሉን ምረጪ ማለት አግባብ አይደለም። ስለዚህ የለመደችውን የግድግዳውን ማጥፊያ ትጫናለች። ያን ጊዜ አምፖሉ ኤሌክትሪክ ያጣል። ኤሌክትሪክ ያጣ ስማርት አምፖል ደግሞ ስልክም አይሰማም፣ የተሞላለትን ሰዓትም አያከብርም። ጠዋት ባለቤቴ «መብራቱ እምቢ አለኝ» ይላል፣ እሷ «እኔ አጥፍቼው ነው የተኛሁት» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንደኔ እምነት ስማርት መብራት የሚመዘነው በዚህ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለ ማንም ሰው፣ ልጅም እንግዳም አያትም፣ ሳይጠይቅ ማብራት መቻል አለበት።

ባትሪ ያላቸው ገመድ አልባ ማጥፊያዎችም አሉ። ርካሽ ናቸው፣ ለጣትም ለስላሳ ናቸው። ብዙዎቹ የሚሠሩት በክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ነው፤ ሲአር 2032 የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ጥቂት ዓመት ያገለግላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ሳታስቡት ነው፣ በዚያ ላይ ትንንሽ ልጆች ወዳሉበት ቤት ይህን ባትሪ ማስገባት እኔን ይጨንቀኛል። ሕፃን ከዋጠው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ሊያቃጥል ይችላል። ይህን እንደ ነርስም እንደ እናትም ነው የምለው። ለእኔ ባትሪ የሌለውን ያስመረጠኝ ከምንም በላይ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። እንዴት ያለ ባትሪ ይሠራል? የድሮ ብስክሌት ዲናሞ አስታውሱ። ጎማው ሲዞር መብራቱ ይበራል። እዚህ ደግሞ የሚዞር ጎማ ሳይሆን የሚጫን ጣት ነው ያለው። ከሽፋኑ ሥር አንዲት ትንሽ ማግኔት፣ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦና ስፕሪንግ አሉ። ስትጫኑት ስፕሪንጉ ይወጠርና ድንገት ይለቃል፤ የማግኔቱ አቅጣጫ በሽቦው ውስጥ በቅጽበት ይገለበጣል። ፋራዴይ በ1831 ያሳየው ነገር ነው፤ ማግኔታዊ መስክ ሲለዋወጥ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የሚገኘው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው፣ የሚቆየውም ለሽርፍራፊ ሰከንድ ነው። አንዲት አጭር የሬዲዮ መልእክት ለመላክ ግን ይበቃል። ጣታችሁን ስታነሡ ደግሞ ሁለተኛ መልእክት ይሄዳል። መጫንና መልቀቅ ለየብቻ ስለሚላኩ ማጥፊያው «ይዞ ቆይቷል» እና «ነክቶ ለቋል» የሚለውን ለመለየት ያስችላል። ለዚህ ነው ተጭናችሁ ስትይዙት ብርሃኑን ቀስ በቀስ ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚቻለው።

ይህን ሥራ ወደ ገበያ ካመጡት ዋነኛው ኤንኦሽን የሚባለው ኩባንያ ነው። በ2001 ከሲመንስ ወጥቶ የተቋቋመ ሲሆን መቀመጫው ኦበርሃኺንግ ነው። ከእኛ ቤት በኤስ-ባን (በከተማው ባቡር) 3 ቁጥር መስመር የሚደረስበት ከተማ ነው፤ ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ። የሬዲዮ ቋንቋቸው በ2012 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። በዚህ አሠራር የተሠሩት ማጥፊያዎች ለብዙ ዓመት በትልልቅ ቢሮዎች ነው የኖሩት። ግድግዳ ሳይቆፈር ክፍል ማፍረስና ማዋቀር ለሚፈልግ ሕንፃ ትልቅ እፎይታ ነው። ወደ ሂው ተጠቃሚዎች ቤት የገባው በ2014 በወጣው ሂው ታፕ በሚባለው ክብ ማጥፊያ ነው። ከዚያ በኋላ «ፍሬንድስ ኦፍ ሂው» (ከሂው ጋር አብሮ ይሠራል ለማለት) የሚል ምልክት ይዘው የተለያዩ የአውሮፓ ኩባንያዎች ተራ የግድግዳ ማጥፊያ የሚመስሉትን አመጡ። እኔ የገዛሁት ከእነዚህ አንዱን ዓይነት ነው። ነጭ፣ አራት ማዕዘን፣ ጎን ለጎን ሁለት ክንፍ (የሚጫን ሰሌዳ) ያለው። አንዱ በ50 ዩሮ አካባቢ ወጣብኝ።

መትከሉ ቀላል ነው። ከጀርባው ባለው ማጣበቂያ የትም ይለጠፋል፤ በብሎን ማሰርም ይቻላል። ሽቦ የለም፣ መሰርሰሪያ የለም። ኪራይ ቤት ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጀርመን አገር ቤት ሲለቀቅ እያንዳንዱ ቀዳዳ ይቆጠራል፤ ይህን ግን ላጥ አድርጎ ይዞ መሄድ ነው። ከስልኩ አፕ ጋር ማስተዋወቁ ላይ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። አፑ የሚያሳያችሁን ጫፎች ተጭናችሁ ጥቂት ሰከንድ መያዝ አለባችሁ፤ ከዚያ ለአራቱም ጫፎች ሥራ ትሰጣላችሁ። የእኛ ግራው ላይኛ ያበራል፣ ታችኛው ያጠፋል። ቀኝ ላይኛው የማንበቢያ ብርሃን ነው። ቀኝ ታችኛው የሌሊት ብርሃን ነው፤ እግር የት እንዳረፈ ብቻ የሚያሳይ፣ ዓይን የማይወጋ። ከሥራ ስገባ የምነካው እሱን ነው። ማንም አይነቃም። ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

ማጥፊያውን የት መለጠፍ እንዳለበት ያወቀችው እናቴ ናት። ባለቤቴ በሩ አጠገብ፣ ከድሮው ማጥፊያ ጎን ሊለጥፈው ነበር። እሷ «አልጋዬ ራስጌ አድርጉልኝ፤ ከተነሣሁ በኋላ ምን ያደርግልኛል?» አለች። ልክ ናት። ገመድ የሌለው ነገር ጥቅሙ ሰው ወዳለበት መሄዱ ነው። አሁን አንዱ ራስጌዋ ነው፣ ሌላው ኮሪደሩ ላይ።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልግባ። ይከብዳል። የሚሠራው ከጣት በሚወጣ ጉልበት ነውና ጉልበት ይጠይቃል። እንደነዚህ ያሉት ማጥፊያዎች እንደ ዓይነታቸው ከ7 እስከ 10 ኒውተን ገደማ ይፈልጋሉ፤ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ማለት ነው። ለእኔ ምንም አይደለም። የእናቴ የጣት መገጣጠሚያ ግን ያብጣል፤ በጠዋት ብርድ ጭራሽ አይታዘዝላትም። በአንድ ጣት ጫፍ ስትጫነው አመማት። መፍትሔው ሰፊ ክንፍ ያለውን መምረጥና በክንፉ ዳር በኩል፣ በአውራ ጣት ወይም በመዳፍ መጫን ነው። እጀታ ወይም ዘንግ ሲረዝም ጉልበት ይቀንሳል፤ ከመሃል ይልቅ ዳሩ ይቀላል። አሁን በመዳፏ ነው የምትጫነው፣ አይከብዳትም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ክፉኛ የሚታመም ሰው ቤት ግን ይህን ዕቃ አልመክርም። ለዚያ ሰው ለስላሳው ባለባትሪ ይሻለዋል፣ ባትሪውን የሚከታተልለት ሰው እስካለ ድረስ።

ድምፁም አለ። ስፕሪንጉ ሲለቅ ቋ ይላል። ሳሎን ውስጥ አይሰማችሁም። የሕፃን አልጋ አጠገብ ግን ይሰማል። ይህ የአንድ ኩባንያ ጉድለት አይደለም፤ ኃይሉ ከዚያ ድንገተኛ ልቀት ስለሚመጣ የአሠራሩ ጠባይ ነው። ቀስ ብላችሁ ብትጫኑትም ያው ነው።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፣ ማጥፊያው ይናገራል እንጂ አይሰማም። ለመስማት የሚሆን ኃይል የለውም። አንዴ ሲጫን መልእክቱን ይልካል፤ በአቅራቢያው ያለ በኤሌክትሪክ ላይ ያለ አምፖል ወይም ብሪጁ (አምፖሎቹን ከስልኩ አፕ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ሳጥን) ራሱ ይቀበለዋል። ከዚህ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛ፣ አምፖሎቹን ከግድግዳው ካጠፋችኋቸው ማጥፊያው የሚያነጋግረው የለም፣ የሚያበራውም የለም። የድሮውን ማጥፊያ መሸፈን ወይም ከነጭራሹ ማስነሣት የግድ ነው። ከእነዚህ ማጥፊያዎች አንዳንዶቹ 55 ሚሊ ሜትር በሆነው የተለመደ የአውሮፓ ፍሬም ስለሚገቡ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሽቦውን በቋሚነት አገናኝቶ አዲሱን በድሮው ቦታ ላይ ሊያሰፍርላችሁ ይችላል። ይህን ለባለሙያ ተዉት፣ የቤቱን ባለቤትም አስፈቅዱ። ሁለተኛ፣ የብሪጁን የዚግቢ (ብሪጁና አምፖሎቹ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ) ቻናል ከቀየራችሁ ማጥፊያው ለውጡን አይሰማም፤ እንደ አዲስ ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። ዋይፋያችሁ ተጨናንቆ ቻናል ስትቀይሩ ማጥፊያው በድንገት ዝም ካለ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ስንት ዓመት ይቆያል የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ኤንኦሽን በቤት ማጥፊያ ውስጥ ለሚገባው ክፍሉ 50,000 ጊዜ ተጭኖ መፈተኑን ይገልጻል። በቀን 20 ጊዜ ቢጫን ሰባት ዓመት ሊሞላው ምንም አይቀረው። ከዚያ በኋላ ይሰበራል ማለት አይደለም፤ እስከዚያ ድረስ መፈተኑን ነው የሚናገረው። ለኮሪደር ይህ ከበቂ በላይ ነው።

አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ቤት እየሠራች ነውና ይላክልኝ ብላ ጠየቀችኝ። አሰብኩበት። ብሎኬት ግድግዳ ከተለሰነ በኋላ ለማጥፊያ መቦርቦር ምን ማለት እንደሆነ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ሐሳቧ ጥሩ ነው። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ችግር የለውም። ማጥፊያው፣ ብሪጁና አምፖሎቹ የሚነጋገሩት እዚያው ቤት ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ማጥፊያው ባትሪ አልፈለገም ማለት አምፖሉ ኤሌክትሪክ አልፈለገም ማለት አይደለም። መብራት ሲመለስ ደግሞ እነዚህ አምፖሎች፣ አስተካክሉ ካልተባሉ በስተቀር፣ በሙሉ ብርሃን ይበራሉ። በሌሊት መብራት ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ቦግ ይላል ማለት ነው። አፑ ውስጥ «ኤሌክትሪክ ሲመለስ ምን ይሁን» የሚል ማስተካከያ አለ፤ ወደነበረበት እንዲመለስ አድርጉት።

ለእሷ ግን የመከርኳት ሌላ ነው። ብሪጅም አፕም ስማርት አምፖልም የማይጠይቅ ዓይነት አለ። አንድ ትንሽ ተቀባይ ሳጥን በመብራቱ መስመር ላይ ይታሠራል፣ ባትሪ አልባው ማጥፊያ ከእሱ ጋር ይተዋወቃል፣ አለቀ። አምፖሉ ማንኛውም ኤልኢዲ ሊሆን ይችላል። ሲቃጠል ከሰፈር ሱቅ ገዝቶ መቀየር ነው። ቀለም መቀያየር የለም፣ ግን ደረጃ ላይና ታች ሁለት ማጥፊያ ለመትከል ረጅም ሽቦ መዘርጋት ይቀራል። ለአዲስ ቤት ይህ የበለጠ ያዋጣል። ተቀባዩ ለ220 ቮልት መሠራቱንና ስንት ዋት እንደሚችል ማየት፣ ሥራውን ለኤሌክትሪሻን መስጠት ነው።

አንድ ክፍል ብቻ ተከራይቶ ለሚኖር፣ ብሪጅም አምፖልም ለሌለው ሰው፣ የመጀመሪያ ወጪው ስለሚበዛ አያስፈልገውም። አስቀድሞ ሂው ላለው፣ ሰው ለሚበዛበት ቤት ግን ለኮሪደርና ለመኝታ ቤት አንዳንድ ቢገዛ ደስ ይለዋል።

ስትገዙ ሳጥኑን አገላብጣችሁ አንብቡ። መልካቸው አንድ ሆኖ ሬዲዮአቸው የተለያየ ነውና። አውሮፓ ውስጥ በ868 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የኤንኦሽን ዓይነት ከሂው ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። የብሉቱዝ አለ፣ በ433 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ባለ ተቀባይ አለ። ለሂው የምትፈልጉት በ2.4 ጊጋኸርዝ ዚግቢ ግሪን ፓወር (ባትሪ ለሌላቸው ዕቃዎች የተዘጋጀው የዚግቢ ዓይነት) የሚለውን፣ የተሻለው ደግሞ «ፍሬንድስ ኦፍ ሂው» የሚል ምልክት ያለበትን ነው። የሌላ ኩባንያ ዚግቢ ማዕከል ካላችሁ ግሪን ፓወርን መቀበሉን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ሁሉም አይቀበልም። ከተቻለ ሱቅ ሄዳችሁ በእጃችሁ ተጫኑት፣ የሚጠቀምበትንም ሰው ይዛችሁ ሂዱ።