የመውጫ ፈተና ለወደቃችሁ፦ ደብረ ብርሃን ጠባሴ አንድ መምህር አሉ

ይህን ጽሑፍ ሳልጽፈው የቆየሁት መምህሩ፣ ጋሼ የምላቸው፣ «ስሜን እንዳታነሺ» ስላሉኝ ነው። ስማቸውን አላነሳም። ግን ሰሞኑን ሁለት የሰፈሬ ልጆች የመውጫ ፈተና ወድቀው ቤት መቀመጣቸውን ስሰማ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ካለ ቀበሌ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አልመጣልኝም። ቴክኒክና ሙያ ገብቼ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አልፌ፣ ከዚያ በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ጀመርኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሱቅ እሸጣለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ እማራለሁ። አባቴ የመመዝገቢያ ጊዜ በደረሰ ቁጥር በግ እየነዳ ገበያ ይወርድ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባችው ጓደኛዬ የወጪ መጋራት ፈርማ ነው የተማረችው፣ የምትከፍለው ሥራ ስትይዝ ነው። እኔ ደግሞ ገና ሳልማር እከፍላለሁ፣ ያውም ከእሷ ላነሰ ትምህርት። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ትምህርቱ እንዴት ነበር ብትሉኝ፣ አስተማሪዎቻችንን መውቀስ አልፈልግም። አንዱ መምህር በአንድ ቅዳሜ ሦስት ኮሌጅ ሲሮጥ ይውላል። ሁለት ምዕራፍ በአንድ ቀን አንብቦልን ይወጣል። ፋይናል ከሃንድአውቱ ይወጣል፣ እኛም ሃንድአውቱን እንሸመድዳለን። ሦስት ነጥብ አራት ይዤ ጨረስኩ። ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጥኩ። 37 አመጣሁ። ማለፊያው 50 ነው። በዚያ ዙር ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግል ከተፈተኑት 72,203 ተማሪዎች ያለፉት 12,422 ብቻ ነበሩ፣ 17.2 በመቶ ማለት ነው። ቁጥሩን ስሰማ መጀመሪያ ተጽናናሁ፣ ብቻዬን አይደለሁማ። ኋላ ግን ስንት አባት ስንት በግ ሸጦ ነው እያልኩ ማልቀስ ጀመርኩ። ፈተናውን ያላለፈ ዲግሪ አይሰጠውም፤ የአራት ዓመት ልፋት እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ጋሼን የጠቆመችኝ አከራዬ ናት። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሒሳብ አያያዝ ሲያስተምሩና ኦዲት ሲሠሩ የኖሩ። ቤታቸው ጠባሴ ነው፣ አንዲት ክፍል ለተማሪ ለቀዋል። የመጀመሪያው ቀን ፈተና የሚሰጡኝ መስሎኝ ደብተሬን ታቅፌ ገባሁ። እሳቸው ግን «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» አሉኝ። በግ ያረባል አልኳቸው። «በመጋቢት በዱቤ አንድ በግ ሸጡ እንበል። በጉን ገዢው ወሰደው፣ ብሩ የመጣው በሰኔ ነው። ገቢው የየትኛው ወር ነው?»

«የሰኔ» አልኩ።

«በጉ በሰኔ ቤት ነበረ እንዴ የኔ ልጅ?»

ገቢው በጉ የተሸጠበት የመጋቢት ነው፣ ብሩ የመጣበት የሰኔ አይደለም። አራት ዓመት «አክሩዋል» የሚለውን ቃል ስጽፈው ኖሬ የገባኝ በዚያች ደቂቃ ነው። ከዚያ ገዢው ባይከፍልስ አሉኝ፣ አጠራጣሪ ዕዳ በዚያው መጣ። በጉ ሳይሸጥ ቢደልብስ አሉኝ። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ክፍተቴ የታወቀው። አገራችን በአዋጅ 847/2006 ዓለም አቀፉን የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስን፣ ተቀብላለች፤ በዚያ መሠረት የሚደልብ እንስሳ የሚያዘው በጊዜው የገበያ ዋጋ፣ የመሸጫ ወጪው ተቀንሶለት ነው። የእኔ ሃንድአውት ግን የድሮውን የሒሳብ አያያዝ ነበር የሚያወራው። የተጠየቅሁት ያልተማርኩትን ኖሯል!

ፐርሰንት ማውጣት ላይም እንደምደናገር አዩ። አላፈሩብኝም፣ ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል ድረስ መልሰው አስጀመሩኝ። አንድ ወር ሙሉ አካውንቲንግ አልነካንም ማለት ይቻላል። «ቤት ሲፈስ ጣሪያውን እንጂ ምንጣፉን አይቀይሩም» ይሉ ነበር።

ያን ጊዜ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። አዲስ አበባ ያሉት ልጆች ጥያቄና መልስ በቴሌግራም ሲቀባበሉ፣ እኛ ጋ አይደርስም። ጋሼ ጥያቄውን በእጃቸው ጽፈው በራሳቸው ብር ፎቶ ኮፒ ያስነሱልን ነበር። መብራት ሲሄድ በሻማ ቀጠልን። በ2016 ዳግም ተፈትኜ 68 አመጣሁ። ዛሬ አንድ ማኅበር ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አባቴ ውጤቱን ስነግረው «እንግዲህ በጎቹ አልጠፉም» አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ለምን እንደምጠቁማቸው ልናገር። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚያስጠና ሞልቷል፣ ብዙው ግን ያለፉ ጥያቄዎችን ሰብስቦ መልሱን ያስሸመድዳል። ጋሼ መጀመሪያ የሚያዩት የት ላይ እንደቆማችሁ ነው። ጥሩ ትምህርት ቤት የተማረም ከቆላ የመጣም አብሮ ይቀመጣል፣ የጎደለው ግን ለየብቻ ይሞላለታል። ኮሌጆቻችን ይህችን ብቻ ቢያደርጉ ኖሮ እላለሁ ሁልጊዜ።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለሚመጣ አይሆኑም፣ ይመልሱታል። ቢያንስ አራት ወር ይፈልጋሉ። የሚችል ይከፍላል፣ የማይችል እንደማይችል አንድ ጊዜ ይነግራቸዋል፣ ከዚያ አይጠየቅም። የሚቀበሉት ከአሥራ ሁለት ሰው አይበልጥም። የሚያስተምሩት አካውንቲንግ ብቻ ነው፣ ሌላ ትምህርት ላላችሁ አይረዷችሁም።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ጉልበትዎን ያጽናልኝ።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ራሴ ወስጄ አስተዋውቃችኋለሁ። ትምህርቱ ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይጀምራል። ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያዙ፣ ከኅዳር ጀምሮ ክፍሏ በጣም ትበርዳለች።