ሐሳብ እንቅልፍ ለነሳው ሰው፦ የእንጦጦ መንገድ ዳዊትና መቁጠሪያ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትና ወደ ማርያም በሚያወጣው መንገድ፣ ጧፍና ዕጣን ከሚሸጡት የንዋያተ ቅድሳት መደብሮች ሐሳብ የበዛበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው ሁለት ነገር ነው፤ የኪስ ዳዊትና መቁጠሪያ። ሁለቱም ይረባሉ። ገንዘብ የሚባክነው አመራረጡ ላይ ነው።

ትንሿ ዳዊት ለኪስ ብትመችም ፊደሏ ለሌሊት አይሆንም። መብራት ሲጠፋ በጧፍ የሚያነብ ሰው መዳፍ የሚሞላውን ይውሰድ። ጥራዙን ገልጠው ይዩት፤ በክር የተሰፋው ይበረክታል፣ በሙጫ ብቻ የተያያዘው ግን መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ ቅጠሉ ይረግፋል። የአምላክ ስም በቀይ የታተመበት ከሆነ ቀለሞቹ ለየብቻ ስለሚታተሙ፣ በርካሹ ኅትመት ቀዩ ከመስመሩ ወጥቶ ጥቁሩ ላይ ይደረባል። ግእዝ ለማይሰማ ሰው ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን ያለው ይሻላል፤ የተጨነቀ ሰው የሚያነበው ሊገባው ይገባል።

የመዝሙሩ ቁጥር ብዙ ሰው ያምታታል። ስልክ ላይ 91 የሚለው ዳዊቱ ላይ 90 ሊሆን ይችላል፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ደግሞ 22ኛው ላይ ነው። ለሐሳብ ብዛት የሚሆነው በዳዊቱ አቆጣጠር 93ኛው፣ ቁጥር 19 ነው።

ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ሲነበብ የሰኞው ድርሻ ከ1 እስከ 30፣ ማለትም ሦስት ንጉሥ ነው፤ አንድ ንጉሥ አሥር መዝሙር ነው። ለጀማሪ ይከብዳል፤ በሦስተኛው ቀን የሚተወውም ለዚህ ነው። አንድ ንጉሥ፣ እሱም ከበዛ አንድ መዝሙር፣ በንዋም (በመኝታ) ሰዓት ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይበቃል። በዓይን ብቻ ሲነበብ ዓይን መስመሩን ይከተላል፣ ልብ ግን ቤት ኪራዩ ላይ ነው።

መቁጠሪያው ባለ 41 እና ባለ 64 ፍሬ አለ፤ ለ«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41ዱ ይበቃል። ሳይከፍሉ ፍሬውን ይቁጠሩ። በላስቲክ የተሰካው ቶሎ ይለጠጥና ይበጠሳል፤ ቀለም የተቀባው እንጨት በእጅ ላብ ይለቃል። ያልተቀባው፣ በወፍራም ክር የተሰካው ይሻላል፤ መስቀሉ ሥር ያለው ቋጠሮ ግን ጠበቅ ያለ ይሁን።

ዋናው ችግር ከዕቃው አይደለም። ጭንቀት የያዘው ሰው ቁጥር ሲስት «አልተቆጠረልኝም» ብሎ ከአንድ ይጀምራል፣ ደግሞ ይስታል፣ ጸሎቱ ራሱ ሌላ ጭንቀት ይሆንበታል። ከመሰለው ቦታ ይቀጥል፤ ነገሩ ከተደጋገመ ለንስሐ አባቱ ይንገር። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ካስቆጠረ ሐኪምም ይየው፤ ጠበል ተጀመረ ተብሎ የታዘዘ ኪኒን አይቋረጥም።

ወር በገባ በ16 እና በ21 መንገዱ በሰው ስለሚሞላ ተረጋግቶ ማማረጥ አይቻልም፤ በሌላ ቀን ይውጡ።