የባሕር ዳሩ የሰላም ውይይት ጥሩ ነበር፣ ጀልባው ግን አቃጠለኝ

ከቶሮንቶ ለእረፍት ገብቼ ባሕር ዳር አክስቴ ጋ ሰነበትኩ። ጣና ላይ በጀልባ ልትወጡ ካሰባችሁ፣ በተለይ ከውጭ የምትመጡ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ከጥሩው ልጀምር። አክስቴ በእድሯ በኩል ለሰላም ውይይት ተጠርታ ነበርና ይዛኝ ሄደች። ብዙም አልጠበቅኩም። ሦስት ሰዓት የተባለው አራት ተኩል ተጀመረ፣ አንድ ኃላፊ ረጅም ወረቀት አነበቡ፣ ግማሹ ሰው አንቀላፋ። ከሻይ በኋላ ግን ማይኩ ወደ ተሰብሳቢው ዞረ። ስልክ ይቀመጥ፣ ማንም እንዳይቀርጽ ተባለ። ይሄ ብቻውን ስንቱን አፍ ፈታ! አንድ የባጃጅ ሹፌር እሱ እቤት ሳይገባ እናቱ እንቅልፍ እንደማይወስዳት ነገረን። አንዲት ሴት ገጠር ያሉ የእህቷ ልጆች ትምህርት ቤት ከሄዱ እንደቆዩ መናገር ጀምራ፣ ሳትጨርስ ማይኩን መለሰችው።

ከሁሉም የገረሙኝ ስለ ደም ማድረቅ ያወሩት አዛውንት ናቸው። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል፣ የሟች ቤተሰብ እምቢ ይላል፣ ሽማግሌው ተመልሶ ይሄዳል፣ ደግሞ እምቢ ይባላል። እንዲህ እየተባለ ነው ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምንበት ቀን የሚመጣው። «የሚሰለች ሰው ሽማግሌ አይሁን» አሉ። እኛ ውጭ ያለነው ስንሰበሰብ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ጩኸት ነው፤ ጥይት ሰምቶ የማያውቀው ነው ይበልጥ የሚፎክረው። እዚህ ዕዳውን የሚከፍሉት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። ቅሬታዬ ወጣቶቹ ጥቂት መሆናቸው ነው። የተባለው ሁሉ ማን ጋ እንደሚደርስም የነገረን የለም። ምሳው በያይነቱ ነበር፣ ምንም አይወጣለትም።

አሁን ወደ ጀልባው።

እዚያ ከተዋወቅናቸው ጥቂት ሰዎች ጋር፣ አዛውንቱም አሉበት፣ ተዋጥተን ለማግስቱ ጀልባ ያዝን። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ገዳማት፣ ስንመለስ ደሴት ላይ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ገዳም፣ ደርሶ መልስ 5,000 ብር። ሁለት ሰዓት ላይ እንነሳለን ተባለ። ወደቡ ላይ ቁጭ። «ቤንዚን እየመጣ ነው።» ቡና ጠጣን። «ደርሷል፣ መንገድ ላይ ነው።» በጀሪካን ሲመጣ አምስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጣናን የሚያውቅ ሰው ያውቃል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል።

ዘጌን አልወቅስም። ከጀልባው ወርደን ሽቅብ በቡናው ጫካ ስንሄድ ንዴቴ በረደልኝ። አቡነ በትረ ማርያም በዘጌ ምድር በሬ እንዳይጠመድ፣ ከብት እንዳይረባ ብለዋል ይባላል፣ ጫካውም የተረፈው በዚያ ነው። ኡራ ላይ የመቅደሱን ዙሪያ ሥዕል ያስረዱን ዲያቆን አልተጣደፉም፣ አክስቴ ስታቋርጣቸውም አልተቆጡም። ቢጫ ካርዴን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን፣ ሳሳይ መግቢያውን እንደ አገሬው ሰው አስከፈሉኝ፣ ጭቅጭቅ የለም።

ስንመለስ እንጦስ ስንጠብቅ ጀልባውን የሚነዳው ልጅ ክብራን ገብርኤል ገዳም ላይ አቆመ። ክብራን ሴት አይገባም፤ ይሄን የባሕር ዳር ሕፃን ያውቀዋል። ወንዶቹ ወጡ፣ እኛ ፀሐይ ላይ ጀልባው ውስጥ ተገተርን። እንጦስ ሴት የሚገባበት ነው፣ እዚያው አጠገቡ ይታያል እኮ! እንሂድ ስንለው «ማዕበል ተነስቷል፣ አይቻልም» አለ። ጠዋት በሰዓቱ ብንነሳ የምን ማዕበል?

ከዚያ ሐይቁ መሃል ሞተሩን አጠፋው።

«እህቴ፣ ቤንዚኑን በጥቁር ገበያ ነው የገዛሁት። የመቆያም አለ። 7,500 አድርጉት።»

የመቆያ! እኛን ፀሐይ ላይ ላስቀመጠበት። ደግሞ እኔን እያየ «ለዲያስፖራ ይሄ ምን አላት» ይላል። አክስቴ ቱግ አለች። «አንተ ልጅ! እዚሁ ሐይቅ ዳር ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁት እኔም ዲያስፖራ ነኝ?» ጀልባው ይወዛወዛል፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ለሁላችን አልበቃም፣ እሱ እጁን አጣጥፎ ቁጭ ብሏል። በመጨረሻ አዛውንቱ ገቡበት፣ አባብለውም ተቆጥተውም 6,000 ላይ ጨረሱት። አክብሬያቸው ከፈልኩ። ግን ንገሩኝ፣ የተዋዋልነው 5,000 ከሆነ ለምንድን ነው መሃል መንገድ ላይ የምንገናኘው? ያን ለሳቸውም አልኳቸው። «ልጄ፣ መጀመሪያ ከውሃው እንውጣ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ቢሆንም እስካሁን ያንገበግበኛል።

የቤንዚኑን ችግር አላጣሁትም፣ የባጃጆቹን ሰልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ወደቡ ላይ «ጨምሩልኝ» ቢለኝ እጨምር ነበር። ቶሮንቶም ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ጀልባ አለ፣ በጋ ላይ ወረፋው አሳር ነው። ግን ዋጋው ተለጥፏል፣ ውሃ መሃል ሞተር የሚያጠፋብህ የለም።

እና ምን ልበላችሁ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ቤንዚንም መቆያም ጨምሮ በሰው ፊት ተነጋገሩ። ግማሹን ያዙና መሬት ስትረግጡ ስጡት። ሴቶች ካላችሁ እንጦስን ስትሄዱ አስቀድሙት፣ ለመልስ አታቆዩት። ጃኬት ቁጠሩ። ከሰዓት እንሂድ የሚላችሁን አትስሙት። በኋላ ሐይቁ ዳር የበላነው የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ግን ጣት ያስቆረጥማል፣ ዋጋውም እንደተጻፈው ነው የተቀበሉን።

አክስቴ ሁለተኛ ጀልባ አልወጣም ብላለች። ዘጌ በየብስም ይኬዳል፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ብቻ በዋዜማው ሰው ጠይቁ።