የመኪናዬን ኤሌክትሪክ ለድምፅ ማጉያ ካጠናከርኩ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ባለ1,000 ዋት ማጉያ ያስገባሁ ሰሞን ባሱ በመታ ቁጥር የፊት መብራቶቹ ይፈዝዙ ነበር። በጨለማ መንገድ ላይ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

በመጀመሪያ ባለ1 ፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ሲፈለግ ቶሎ የሚለቅ ዕቃ) ገዛሁ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሒሳቡን ቀድሜ ብሠራው ኖሮ አልገዛውም ነበር። ቮልቴጁ ከ14.4 ወደ 12 ሲወርድ ካፓሲተሩ የሚሰጠው ጉልበት 32 ጁል ገደማ ነው፤ ማጉያው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ይህን ከሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

እውነተኛውን ለውጥ ያመጡት ሦስት ወፍራም ገመዶች ናቸው፤ አንዱ ከዲናሞው ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላው ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሻንሲው፣ ሦስተኛው ከሞተሩ ወደ ሻንሲው። ውፍረታቸው 50 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን ንጹሕ መዳብ ናቸው። ቀድሞ የገዛሁት ገመድ ላዩ መዳብ ውስጡ አሉሚኒየም ነበር፤ ሻጩ ግን አልነገረኝም። አሉሚኒየም የሚያስተላልፈው የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩን ያወቅሁት ሞርሴቶው (ገመዱን ከባትሪው ጫፍ ጋር የሚያስረው ማያዣ) እጅ ሲያቃጥል ነው።

ከሁሉም በላይ ልፋት የሚገባው መሬቱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መገናኛ ነው። 80 በመቶ ብቃት ያለው ማጉያ 1,000 ዋት ለማውጣት በ13.8 ቮልት 90 አምፔር ያህል ይስባል። በዚህ መጠን 0.01 ኦም ብቻ የሆነ መጥፎ መገናኛ 0.9 ቮልት ይበላል፤ 81 ዋትም ወደ ሙቀት ይለውጣል። እኔ የማጉያውን መሬት ያሰርኩት ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ነበር። ሙዚቃው እየተጫወተ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በማጉያው መሬት ላይ ሳደርግ 0.8 ቮልት አነበብኩ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ብረቱ እስኪያበራ ካጸዳሁና ብሎኑን ካጠበቅሁ በኋላ 0.1 ሆነ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም፤ ባሱ ራሱ ጠንከር ብሎ ነበር የሚሰማው።

ከባትሪው ወደ ማጉያው በሚሄደው ገመድ ላይ ያለው ፊውዝ ከባትሪው 45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ መግባት አለበት። የሚጠብቀው ማጉያውን ሳይሆን ገመዱን ነው፤ ገመዱ የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ቢነካ ከእሳት የሚያድነው እሱ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ወር የ90 አምፔሩን ዲናሞ በ200 አምፔር ቀየርኩት። በሳምንቱ ቺንጊያው መጮኽ ጀመረ። ትልቅ ዲናሞ ጭነት ሲበዛበት ለማዞር ስለሚከብድ አሮጌው ቺንጊያ ይንሸራተት ነበር። አዲስ አስገብቼ ውጥረቱን ሳስተካክል ጸጥ አለ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ባትሪውንም በዚያው ወቅት በኤጂኤም (አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ ውስጥ የተያዘበት የባትሪ ዓይነት) ለውጬዋለሁ፤ ስለ እሱ ቅሬታ የለኝም።

በስምንተኛው ወር ከስፒከሮቹ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ፉጨት መጣ። ምክንያቱ በንዝረት የላላው የሞተሩ መሬት ብሎን ነበር። አሁን በየሁለት ወሩ ሁሉንም መገናኛዎች በቁልፍ እፈትሻለሁ።

የቀረው ድክመት ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት ሲዞር ነው። መኪናው ቆሞ መብራቱና የራዲያተሩ ማራገቢያ ሲሠሩ፣ ባሱ ሲበረታ ቮልቴጁ ወደ 13 ይወርዳል፤ በመንገድ ላይ ግን ከ14 በታች አላየሁም። ዲናሞ ስትገዙ በጉልህ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመልከቱ፤ በሚኒሞ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም ነበር፤ ስለዚህ ቆሜ ስሰማ ድምፁን ዝቅ አደርጋለሁ።