ደብረ ብርሃን የተከራየነው የናይትሮጅን ቦምቦላ (ለፍሎቴሽን፣ ማለትም የተፈጨ ማዕድንን ውሃ ውስጥ በጋዝ አረፋ አንሳፍፎ ለመለየት፣ የምትፈልጉት ካላችሁ)

ከ5 ለጋዙ 4፣ ለቤቱ 2 ሰጥቻለሁ። ስሙን አልጠራም፣ የብየዳ ጋዝ የሚያከራይ ቤት ነው።

ጋዙ ላይ ቅሬታ የለኝም። 40 ሊትር ቦምቦላ በ150 ባር ሞልቶ ነው የመጣው፣ ሲለቀቅ 6 ሺህ ሊትር ገደማ ማለት ነው፣ በደቂቃ 5 ሊትር ለምትጠጣ የላብ ሴል (ማዕድኑ የሚንሳፈፍባት ትንሽ የሙከራ ገንዳ) 20 ሰዓት ያሠራል። ሬጉሌተሩን (የጋዙን ግፊት መቀነሻ) ግን የኦክስጅን ሰጥተውን ጥርሱ አልገባም አለ፣ ስደውል ልጁ "ጋሼ ትንሽ ጠበቅ ያድርጉት ይገባል" ይለኛል፣ ኧረ በማርያም!! 150 ባር እኮ ነው። ባጃጆቹም አንጭንም ብለው በጋሪ ነው ያመጣነው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን።

እኛም ግን ጥፋት አለብን። ቻልኮፓይራይት (የመዳብ ማዕድን ነው) በዛንቴት፣ ማዕድኑን አረፋው ላይ በሚያጣብቀው ኬሚካል፣ ልናንሳፍፍ ነበርና ንጹህ ጋዝ ከአየር ይሻላል ብለን ከወፍጮው ጀምረን ናይትሮጅን ነፋንበት፣ አረፋው ነጭ ሆኖ ባዶውን መጣ። ለካ ዛንቴቱ ድንጋዩ ላይ እንዲይዝ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ አየር ውስጥ ያለው 21 ፐርሰንት ሥራ አለው። ወደ ኮምፕሬሰራችን ስንመለስ ነሐስ የመሰለ አረፋ ተጭኖ ወጣ፣ ያውም በነጻ።

ናይትሮጅን የሚያዋጣው ሞሊብደናይትን (የሞሊብዲነም ማዕድን) ከመዳብ ስትለዩ ነው፣ መዳቡን ታች የሚያስቀረው ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይድ በአየር ቶሎ ኦክሲዳይዝ ሆኖ ስለሚያልቅ በናይትሮጅን ግን ይቆያል፣ ኬሚካሉ ደግሞ ውድ ነው። እዛው ቤት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ርካሽ ነው ይሏችኋል፣ ለስላሳ ልትሠሩ ካልሆነ ተዉት፣ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ያወርደዋል፣ በኖራ 10 ላይ የያዛችሁት ሁሉ ይበላሻል። በርግጥ በ1902 አካባቢ አውስትራሊያ ብሮክን ሂል ዚንኩን ያነሱት በዚሁ ጋዝ አረፋ ነበር፣ አሲዱ ከማዕድኑ ካርቦኔት ጋር ሲፈላ የሚወጣውን ማለቴ ነው፣ ያኔ ግን ዛንቴትን ለፍሎቴሽን የሚጠቀም አልነበረም። አረፋው እንዲደቅ ብላችሁም ጋዝ አትቀይሩ፣ እሱ የፍሮዘሩና (አረፋ የሚያስነሳው ኬሚካል) የማማሰያው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የኛ ሀገር ብርድ ታውቁታላችሁ መስኮት ዘግቶ ነው የሚሠራው፣ በናይትሮጅን ግን እንዳትሞክሩት፣ ሽታ የለውም፣ ኦክስጅኑን አስወጥቶ ሳታውቁት ነው የሚጥላችሁ። እኛ ጋቢ ደርበን መስኮት ከፍተን ሠራን።

ቦምቦላውን ከመለስን ሁለት ሳምንት አልፎናል፣ መያዣውን ብር ግን ነገ ዛሬ እያሉ ናቸው።