አስር የኢንደስትሪያል ሜታል ዘፈን፣ ከ10 ስንት?

ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ከዚያ እንጨቃጨቃለን። ጓደኛዬ በቴሌግራም የላከልኝ የኢንደስትሪያል ሜታል ሚክስ ከ10 7 አግኝቷል። አስር ዘፈን ነው ያለው። ሁለቱ ቢወጡና ቅደም ተከተሉ ትንሽ ቢስተካከል ኖሮ 9 ስሰጠው ዓይኔን አላሽም ነበር።

ለማታውቁት ባጭሩ። ኢንደስትሪያል ሜታል ማለት የሄቪ ሜታል ጊታር ከድራም ማሽን (ያለ ተጫዋች ከበሮ የሚመታ ኤሌክትሮኒክ መሳሪያ)፣ ከሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ) እና ከየትም ተቆርጦ ከሚገባ ድምፅ ጋር ሲጋጭ የሚወጣው ነገር ነው። የተቆረጠው ድምፅ የፊልም ሊሆን ይችላል፣ የፖለቲከኛ ንግግር ሊሆን ይችላል፣ የብረት መጋዝም ሊሆን ይችላል። ስሙ የመጣው ትሮቢንግ ግሪስል የሚባሉት እንግሊዞች በ1976 ካቋቋሙት ኢንደስትሪያል ሬከርድስ ከሚባል አሳታሚ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ በርሊን ውስጥ አይንሽቱርትሰንደ ኖይባውተን የሚባል ቡድን ቁራጭ ብረት እየደበደበና ድሪል እያስጮኸ መድረክ ላይ ወጣ። ያኔ ነገሩ ገና ሜታል አልነበረም። ከባዱ ጊታር የተደረበው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፣ ይሄ ሚክስም የሚያተኩረው ከዚያ ወዲህ ባለው ላይ ነው።

መለኪያዬ አንድ ጥያቄ ነች። ማሽኑን ከዘፈኑ ውስጥ ብናወጣው ዘፈኑ ምን ይሆናል? ምንም የማይሆን ከሆነ ማሽኑ ለጌጥ ነው የገባው፣ ነጥብ ይቀነሳል። ዘፈኑ የሚፈርስ ከሆነ ግን እዚያ ጋ ቁም ነገር አለ። ዘፋኙ ምን ያህል ጮኸ፣ ፀጉሩ ምን ይመስላል፣ ቪዲዮው ስንት ተመልካች አለው፣ እሱ የኔ ጉዳይ አይደለም።

አንድ ቅሬታ ግን ሳልናገር አላልፍም። ፋይሎቹ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ናቸው። ለሌላ ሙዚቃ ምንም አይደለም እንበል፣ ለዚህ ግን ግፍ ነው። ኤምፒ3 እዚህ ደረጃ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚሞተው ከላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ነው፣ ስለዚህ ሲምባሉ ሁሉ "ሽሽሽ" ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ድምፁም እኩል አይደለም። በሰማንያዎቹ መጨረሻ የተቀዳው ዝቅ ያለ ነው፣ የዘጠናዎቹ መጨረሻዎቹ ደግሞ እስከ ጣሪያ ድረስ የተገፉ ናቸው፣ ምክንያቱም ያኔ አሳታሚዎች ማን በበለጠ ይጮኻል የሚል ፉክክር ውስጥ ገብተው ነበር። የኔ ምክር፣ ማጫወቻችሁ ላይ ድምፅ እኩል የሚያደርገውን ምርጫ አብሩት። አለበለዚያ በኢርፎን ስታዳምጡ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲገባ ትበረግጋላችሁ።

የሚከፍተው የሚኒስትሪ "ኤን ደብሊው ኦ" ነው፣ 1992። ትልቁ ጆርጅ ቡሽ ስለ አዲስ የዓለም ሥርዓት ያደረጉት ንግግር ተቆርጦ ይገባል፣ ያ ቁራጭ እየተመላለሰ ይነዘንዛችኋል፣ ከስር አንድ የጊታር ስልት ከአምስት ደቂቃ በላይ ሳይሰለቸው ይፈጫል። እኛ ጆሯችን በችክችካ የተቃኘ ስለሆነ፣ ማለትም ስድስት ስምንት ምት ትከሻችን ውስጥ ስለተቀበረ፣ ይሄ ቀጥ ያለ አራት በአራት ምት መጀመሪያ ላይ ግድግዳ ይሆንብናል። ትከሻ የሚገባበት ክፍተት የለውም። አንገት ብቻ ነው የሚሰራው። የቡድኑ መሪ አል ዩርገንሰን ሀቫና ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሰው ነው፣ በ1983 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ደግሞ ለስላሳ የሲንተሳይዘር ፖፕ ነው፣ ብትሰሙት ያው ሰው ነው ብላችሁ አታምኑም። 8። ማሽኑን አውጡት፣ የቡሽን ድምፅ አውጡት፣ ምንም አይቀርም።

ከዚያ ኬኤምኤፍዲኤም ይመጣል፣ "ኤ ድራግ አጌይንስት ዋር"፣ 1993። ጀርመኖች ናቸው፣ ከ1984 ጀምሮ ያሉ። ፈጣን ነው፣ ያዝናናል፣ ካለቀ በኋላ ግን ምን እንደሰማሁ ጠይቁኝና እንጃ ነው መልሴ። 6።

ሦስተኛው ናይን ኢንች ኔይልስ፣ "ዊሽ"። ይሄ ልጅ፣ ትሬንት ሬዝነር ማለቴ ነው፣ በ1989 ባወጣው አልበም ሲንተሳይዘሩን ይዞ ክለብ የሚያስጨፍር ነበር። ከዚያ ከአሳታሚው ጋር ተጣላ፣ በድብቅ ስቱዲዮ ገባ፣ በ1992 "ብሮክን" የምትባል አጭር አልበም ይዞ ወጣ። "ዊሽ" እዚያ ውስጥ ነው ያለው፣ በቀጣዩ ዓመትም በምርጥ ሜታል ዘርፍ ግራሚ አሸንፏል። ልብ ብላችሁ ስሙት። ጊታሩ ጊታር አይመስልም፣ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ተቆራርጦ የወጣ ነው የሚመስለው፣ እያንዳንዱ ምት መጨረሻው ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ያህል ድምፁ ድንገት ይቆማል፣ ጅራት የለውም። ያ ድንገተኛ ዝምታ ነው ዘፈኑን የሚያስፈራው። ከሦስት ደቂቃ ከምናምን በኋላ አለቀ። 9፣ አንዷን ነጥብ የወሰዳት ያ 128 ኪሎቢት ነው፣ የሬዝነር ጥፋት የለበትም።

ዋይት ዞምቢ "ሞር ሂዩማን ዛን ሂዩማን"፣ 1995። ርዕሱን የወሰዱት "ብሌድ ራነር" ፊልም ውስጥ ሰው መሳይ ሮቦት የሚሰራው ኩባንያ ከሚጠቀምበት መፈክር ነው። አሪፍ ሐሳብ። ዘፈኑም ፈታ ያደርጋል፣ መኪና ለሚነዳ ሰው ይመቻል። በኔ መለኪያ ግን ይወድቃል። ኤሌክትሮኒኩን ብታወጡት ያው ሮክ ነው፣ ምንም አይጎድልበትም። 5።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ፊር ፋክተሪ፣ "ሬፕሊካ"፣ "ዲማኑፋክቸር" ከሚባለው የ1995 አልበም። የሎስ አንጀለስ ልጆች ናቸው። እዚህ ከበሮውን የሚመታው ሰው ነው፣ ሬይመንድ ሄሬራ። ግን ኪክ ድራሙና የዲኖ ካዛሬስ ጊታር አንድ ላይ ተቆልፈዋል፣ እግሩ ሲረግጥ ጊታሩ ይመታል፣ እግሩ ሲያቆም ጊታሩም ፀጥ። ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ሲያስሮጠው እንደምትሰሙት ነው፣ ትር-ር-ር-ር፣ ቀጥ፣ ትር-ር-ር። ለምን እንዲህ እንደሚሰማ ልንገራችሁ። የከበሮው ድምፅ ትሪገር ከሚባል መሳሪያ ጋር ተያይዟል፣ ስለዚህ ተጫዋቹ በመታ ቁጥር የሚሰማው ድምፅ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፣ ጠንካራና ደካማ ምት የሚባል ልዩነት ይጠፋል። ሰው እየመታ ማሽን ይሰማል ማለት ነው። በዚያ ላይ በርተን ቤል መጀመሪያ ያጓራና ወደ አዝማቹ ሲደርስ ጥርት ባለ ድምፅ ይዘምራል። ዛሬ ግማሹ የሜታል ዓለም ይሄን ያደርጋል፣ ያኔ ግን አዲስ ነገር ነበር። ከኋላ የሚሰማውን ቀዝቃዛ ሲንተሳይዘር የሰራው ሪስ ፉልበር ነው፣ ከካናዳው ፍሮንት ላይን አሴምብሊ ቡድን። የአልበሙ ጉዳይም ያው ሰውና ማሽን ነው፣ ስለዚህ ድምፁና ሐሳቡ አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተዋል። 9 ተኩል። ተኩል አይሰጥም ያለ ካለ ይክሰሰኝ።

ከእሱ ቀጥሎ ስታቲክ-ኤክስ "ፑሽ ኢት" መግባቱ ነው የደበረኝ። 1999። ከ"ሬፕሊካ" በኋላ ማንም ቢገባ ቀሽም ይመስላል፣ ይሄኛው ደግሞ ራሱም ብዙ የሚያግዝ አይደለም። የዌይን ስታቲክ ፀጉር ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የቆመ ነበር፣ ከዘፈኑ ይልቅ እሱ ነው የሚታወሰኝ። 4። ይውጣ።

ራምሽታይን፣ "ዱ ሃስት"፣ 1997። ይሄን የማያውቅ የለም። ሜታል ሰምቼ አላውቅም የሚል ሰው እንኳ አንድ ቦታ ጆሮው ላይ አልፏል። ስድስቱም አባላት ከ1994 ጀምሮ አንድም ሰው ሳይለወጥ አብረው ናቸው፣ ያደጉት በምሥራቅ ጀርመን ነው፣ አዝማቹም ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ አብሮ የሚጮኸው ነው። 7 ሰጥቼዋለሁ፣ ለፍትህ ብዬ። ግን ጓደኛዬ ሰነፍ ምርጫ ነው ያደረገው። "ዞነ" ነበር መግባት ያለበት፣ የ2001ዱ። ያንን ዘፈን መጀመሪያ የጻፉት ቦክሰኛው ቪታሊ ክሊችኮ ወደ ሪንግ ሲገባ እንዲጫወትለት ብለው ነው፣ ለዚህ ነው ውስጡ ቁጥር የሚቆጠረው፣ ዳኛ ወድቆ የቀረ ተጋጣሚ ላይ እንደሚቆጥረው ማለት ነው። ለክሊችኮ ሳይሆን ቀረና ለራሳቸው አወጡት። እዚያ ውስጥ ኪቦርዱ ከጊታሩ እኩል ይከብዳል።

ስትራፒንግ ያንግ ላድ፣ "ዲቶክስ"፣ 1997። የካናዳዊው ዴቪን ታውንሰንድ ነገር። ጉድ ነው፣ በኢርፎን ስትሰሙት የሆነ ሕንፃ ላያችሁ ላይ እየፈረሰ ነው የሚመስላችሁ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ተደርቦ መተንፈሻ የለም። ከበሮው ላይ ያለው ጂን ሆግላን ነው። ቅፅል ስሙ "አቶሚክ ሰዓት" ነው፣ ከምቱ ዝንፍ ስለማይል። እዚህ ጋ መለኪያዬ ትንሽ ተንገራገጨ፣ ምክንያቱም ማሽኑን ላውጣ ብል ማሽኑ ሰውየው ነው። 8 ሰጥቼ አልፌዋለሁ።

እና ጎድፍሌሽ። "ላይክ ራትስ"፣ "ስትሪትክሊነር" ከተባለው የ1989 አልበም የመጀመሪያው ዘፈን። 10። ለምን እንደሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

የጎድፍሌሽ ከተማ፣ የእንግሊዟ በርሚንግሃም፣ የፋብሪካ ከተማ ነው። ብላክ ሳባዝ የሚባለው የሜታል ባንድም ከዚያው ነው። የሳባዙ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ወጣት ሆኖ ላሜራ ፋብሪካ ሲሰራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ከዚያ በገዛ እጁ የጣት ቆብ ሰርቶ፣ ክሩን አላልቶ መጫወት ቀጠለ፣ ያ የላላ ክር ድምፅ ነው ዛሬ ሜታል የምንለውን ከባድ ነገር ካመጡት አንዱ። ስለዚህ ማሽን ወደ ሜታል የገባው በኮምፒውተር ዘመን ነው የሚል ሰው ካለ አትስሙት፣ ሲጀመርም እዚያው ነበር።

ጎድፍሌሽ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ጀስቲን ብሮድሪክና ጂ ሲ ግሪን። ሦስተኛው ድራም ማሽን ነው። እኛ ሀገር ድራም ማሽንን የምናውቀው ባንድ በሌለበት ነው፣ የሠርግ ኪቦርድ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሙሉ ኦርኬስትራ የሚሆንበት የዘጠናዎቹ ካሴት። እዚያ ማሽኑ የከበሮ ተጫዋችን ቦታ ሸፍኖ ሰው ለመምሰል ይሞክራል፣ አይሳካለትም፣ እኛም እንስቅበታለን። ብሮድሪክ ግን ራሱ ከበሮ ተጫዋች ነበር፣ ሄድ ኦፍ ዴቪድ በሚባል ባንድ ውስጥ። መምታት እየቻለ ነው ማሽኑን የመረጠው። ሰው እንዲመስልለትም አልሞከረም። ከበሮው ቀርፋፋ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ፊት የለውም፣ አንዴም አይፈጥንም፣ አንዴም አያዝንላችሁም። የግሪን ቤዝ አስፋልት ላይ ብረት ሲጎተት የሚወጣውን ድምፅ ያወጣል፣ ብሮድሪክ ከላይ ሆኖ ያጓራል፣ ማሽኑ ግን አይሰማውም። ሰውየው የፈለገውን ያህል ቢጮህ ምቱ አይለወጥም። ሚክሱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ የተቀዳው ይሄ ነው፣ ከ"ዲቶክስ" በኋላ መግባቱም ጎድቶታል፣ ድምፁን ጨምራችሁ ስሙት።

የኛ ሰው ለሆነ ደግሞ አንድ ክር አለ። የጃኖ ባንድን "ኤርታሌ" አልበም ፕሮዲዩስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ላስዌል በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ፔይንኪለር የሚባል ቡድን ውስጥ ቤዝ ይጫወት ነበር፣ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ዞርንና ናፓልም ዴዝ በሚባል ባንድ ከበሮ ይመታ ከነበረው ሚክ ሃሪስ ጋር፣ በ1992ቱ "በሪድ ሲክሬትስ" ላይም ብሮድሪክና ግሪን በእንግድነት ገብተውበታል። እንግዲህ ከጃኖ እስከ ጎድፍሌሽ አንድ ሰው ብቻ ነው መሃል ላይ ያለው።

የሚዘጋው በኦተር ኤንድ ፐኒሸር ነው፣ "ኒሂል ስትሬንዝ"፣ 2018። አንድ ሰው ብቻውን ነው፣ ትሪስታን ሾን ይባላል፣ ትምህርቱ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው። የሚጫወትባቸውን መሳሪያዎች በገዛ እጁ ከብረት ነው የሚሰራቸው፣ ከባድ ማንሻ፣ ሐዲድ ላይ የሚንሸራተት እጀታ፣ የሚሽከረከር ጎማ፣ እና ድምፁን ለማውጣት ጡንቻ ያስፈልጋል። በድምፅ ብቻ ስትሰሙት ግማሹ ነው የሚደርሳችሁ፣ ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት። 8፣ አቀማመጡም ትክክል ነው፣ ከጎድፍሌሽ በኋላ ሌላ ማንም መግባት አይችልም ነበር።

ጓደኛዬ ሁለተኛ ክፍል እየሰራ መሆኑን ነግሮኛል። ኬኤምኤፍዲኤምና ስታቲክ-ኤክስ የለቀቁት ቦታ ላይ "ዞነ" እና ዲ ክሩፕስ ይግቡ። ዲ ክሩፕሶች በ1981 ስለ ብረት ማቅለጫ ሲምፎኒ ያወጡ የዱሰልዶርፍ ሰዎች ናቸው፣ ጊታሩ የመጣው ኋላ ነው፣ እነሱን ሳይጨምር ሚክሴ ሙሉ ነው ሊለኝ አይችልም።