ባትሪ ያለው ባለሁለት የጡት ወተት ማለቢያ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የጡት ወተት ማለቢያ ለመግዛት ያሰበች ነፍሰ ጡር መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። ይህን ማለቢያ ለወራት በየቀኑ ከተጠቀምኩበት በኋላ የደረስኩበት ሌላ ነው፦ የሚገኘውን ወተትም ሆነ የጡቱን ደኅንነት ከሞተሩ ይልቅ የሚወስኑት የፍላንጁ ልክና ትንሹ የሲሊከን ቫልቭ ናቸው። ማለቢያው ሁለቱንም ጡት በአንድ ጊዜ የሚያልብ፣ በዩኤስቢ የሚሞላና ዝግ አሠራር ያለው (ወተት ወደ ቱቦውና ወደ ሞተሩ የማያስገባ) ነው። ሁለቱንም ወገን የሚስበው አንድ ሞተር ነው፤ ይህ ነገር ብልሽት ሲፈለግ ስለሚጠቅም ያዙት።

ከፍላንጁ ልጀምር። ጡት ላይ የሚቀመጠው፣ አፉ ሰፊ ጉሮሮው ጠባብ የሆነው ክፍል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከማለቢያው ጋር የሚመጣው 24 ወይም 28 ሚሊሜትር ሲሆን ቁጥሩ የጉሮሮውን የውስጥ ስፋት ያመለክታል። ሳጥኑ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም። ከማለባችሁ በፊት የጡት ጫፋችሁን ሥሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር በማስመሪያ ለኩ፤ ዙሪያው ያለው ጠቆር ያለ ክብ አይቆጠርም። ያገኛችሁትን ቁጥር ወይም እስከ 3 ሚሊሜትር የሚበልጠውን ውሰዱ። ለምሳሌ 17 ከሆነ ከ17 እስከ 20 ያለውን ሞክሩ፤ 24 ለእንዲህ ዓይነቷ እናት በጣም ይሰፋል። ግራና ቀኝ ሊለያዩ ስለሚችሉ ሁለቱንም ለኩ። በእርግዝና መጨረሻና ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ጡት ስለሚያብጥ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

ልክ መሆኑ የሚታወቀው ሲታለብ በማየት ነው። የጡት ጫፉ ጉሮሮው ውስጥ ግድግዳውን ሳይፈትግ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል፤ ጠቆር ያለው ክብ ግን ብዙም አይከተልም። ፍላንጁ ሲሰፋ ክቡ አብሮ ይሳባል፣ ሲያበቃ አብጦ ይወጣል፣ ወተቱም አንጠብጥቦ ይቆማል። ሲጠብ ደግሞ የጡት ጫፉ ይነጣል፣ ይላጣል፣ ያማል። ጉሮሮውን የሚያጠብቡ የሲሊከን ማስገቢያዎች ይሠራሉ፤ እጥፋት ካላቸው ወይም በደንብ ካልተቀመጡ ግን አየር ያስገባሉ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ለዚያ ሞዴል ምን ያህል የፍላንጅ ልክ እንደሚገኝ ጠይቁ። ሁለት ልክ ብቻ ያለው ማለቢያ ምንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን ለብዙ እናቶች አይሆንም።

ቫልቩ የዳክዬ አፍ የመሰለ ጎማ ነው። ሞተሩ ሲስብ ይዘጋል፣ ሲለቅ ተከፍቶ ወተቱን ወደ ጡጦው ያወርዳል። የሚያረጀው በዝግታ በመሆኑ መድከሙ ሳይታወቅ ይቆያል። ትናንት አምስተኛው ደረጃ ላይ የሚበቃው ዛሬ ሰባተኛውን ይጠይቃል፤ የወተቱ መጠን ሲቀንስም እናቲቱ ወተቷ የደረቀ ይመስላታል። ይህ ያለምክንያት ብዙ እናት ያስጨንቃል። ቫልቩን አድርቃችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ስንጥቁ ገጥሞ ቀጭን መስመር መሆን አለበት። ብርሃን ካሳለፈ አብቅቶለታል። ቶሎ የሚበላሸው ብሩሽ ወይም ጥፍር ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ነው፤ የሳሙና ውኃ ውስጥ በጣት ጫን ለቀቅ እያደረጉ ማጠብ ይበቃል። በቀን ብዙ ጊዜ ለምታልብ እናት ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀየራል፤ አልፎ አልፎ ለምታልብ የበለጠ ይቆያል። መለዋወጫ ቫልቭ አብራችሁ ግዙ።

የመሳብ ኃይሉ ሲደክም ሞተሩን ከመጠርጠር በፊት መጀመሪያ ቫልቩ፣ ቀጥሎ ወተቱን ከአየሩ የሚለየው ስስ ሽፋን፣ ከዚያ የቱቦው ጫፎች፣ በመጨረሻ ባትሪው ይታይ። የደከመው አንዱ ወገን ብቻ ከሆነ ሞተሩ ነፃ ነው። የግራውን ቫልቭ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አድርጉ፤ ድካሙ አብሮ ከሄደ ጥፋቱ የቫልቩ ነው።

ዝግ አሠራር የምለው ይኸው ስስ ሽፋን ወተቱ ወደ ቱቦውና ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የሚከለክልበትን ነው። ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ከታየ ቱቦውን ከፍላንጁ በኩል ነቅሎ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ባዶውን ማስኬድ ያደርቀዋል። ወተት ከታየ ግን ሽፋኑ ተቀዷል ወይም በደንብ አልተቀመጠም። ሻጋታ የያዘ ቱቦ ደግሞ ይጣላል እንጂ አይታጠብም። ሽፋን በሌለው ክፍት አሠራር እርጥበቱ እስከ ሞተሩ ስለሚደርስና ውስጡን ማጽዳት ስለማይቻል፣ ያገለገለ የግል ማለቢያ መግዛትን አልመክርም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የግል ማለቢያዎችን ለአንዲት ተጠቃሚ ብቻ የሚሆኑ አድርጎ ነው የሚያያቸው። ብዙ ማስታወቂያ ላይ የሚታየውን «የሆስፒታል ደረጃ» የሚለውን አባባልም ይኸው ተቋም አያውቀውም፤ ስለዚህ በዚህ ቃል ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። መጀመሪያ ፈጣንና ለስላሳ በሆነው ስልት ወተቱ እስኪወርድ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሠራል፤ ከዚያ ወደ ዝግተኛውና ጠንከር ወዳለው ይቀየራል። ደረጃውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ሲጎረብጣችሁ አንድ ደረጃ መልሱ። ኃይል መጨመር ወተት አይጨምርም፤ ሕመም እንዲያውም ወተት የሚያወርደውን ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ያግዳል። ፍሰቱ ሲቆም ወደ ፈጣኑ ስልት መመለስ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዙር ያወርዳል። በአጠቃላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ እያለቡ ጡቱን በእጅ ጫን ጫን ማድረግ መጠኑን ይጨምራል።

ስለ መጠኑ ተስፋችሁ ልከኛ ይሁን። በአንድ ጊዜ ማጥባት ምትክ ሲታለብ ከሁለቱም ጡት ተደምሮ ከ60 እስከ 120 ሚሊሊትር የተለመደ ነው፤ ሕፃኑ ከጠባ ብዙም ሳይቆይ ሲታለብ በጣም ያነሰ ይሆናል። ማለቢያው የሚያወጣው ጡቱ ያለውን ሁሉ አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እንገር ደግሞ ይህ ዕቃ አይመችም፤ ጠብታዎቹ ወፍራምና ጥቂት ስለሆኑ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ፣ በእጅ አልቦ ንጹሕ ማንኪያ ላይ መቀበል ይሻላል። ሕፃኑ መጥባት ካልቻለ ግን ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ተጀምሮ በ24 ሰዓት ቢያንስ 8 ጊዜ መታለብ አለበት። በደንብ የሚጠባ ልጅ ያላት እናት ግን «ለመጠባበቂያ» ብላ ያለማቋረጥ ብታልብ ጡቷ ከሚፈለገው በላይ ያመርታል፤ እያጋተ ያስቸግራታል፣ ለጡት ብግነትም ያጋልጣታል።

ያላስደሰተኝ ጽዳቱ ነው። በየወገኑ ፍላንጅ፣ ማያያዣ፣ ሽፋን፣ ቫልቭና ጡጦ አለ፤ ሁሉም ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ ተፈታትቶ ይታጠባል። ለዚህ ብቻ የተመደበ ሳህንና ብሩሽ ይኑራችሁ፣ ዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ በፎጣ ሳይሆን በአየር ይድረቅ። ሕፃኑ ከሁለት ወር በታች ከሆነ፣ ያለጊዜው ከተወለደ ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ ደካማ ከሆነ በቀን አንዴ 5 ደቂቃ ይቀቀል። ሁለተኛ ሙሉ ስብስብ መግዛት የሥራ ቀንን በእጅጉ ያቀልላል። የታለበው ወተት እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክፍል 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ 4 ቀን ይቆያል፤ በፍሪዘር እስከ 6 ወር ድረስ ጥራቱን ይጠብቃል። በፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት፣ ተመልሶ ፍሪዘር ውስጥ አይገባም።

ባትሪው ሌላው ድክመት ነው። መጀመሪያ ላይ ሙሉ ቀን ያዘልቅ የነበረው አሁን ከሰዓት በኋላ መሞላት ይፈልጋል። ደግነቱ ሽቦው ተሰክቶም ያልባል፤ ገመዱ ላይ እያለ የማይሠራ ሞዴል አትግዙ። የእጅ ማለቢያ አንድ በቦርሳ መያዝም መብራት ወይም ባትሪ ሲከዳ ጡቱ አጋቶ እንዳይቀር ይረዳል። ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባው ገመድ አልባው ዓይነት እጅን ነፃ ቢያወጣም የጡት ጫፉ መሐል መግባቱን ለማየት ስለሚያስቸግር፣ ጎንበስ ሲባልም ሊፈስ ስለሚችል፣ ብቸኛ ማለቢያ አድርጌ አልመርጠውም።

በእርግዝና ወቅት ገዝቶ ማዘጋጀት መልካም ነው። ሐኪም ሳያዝዝ ጡት ላይ መሞከር ግን አይገባም፤ የጡት ጫፍ መነቃቃት ማህፀንን ሊያኮማትር ይችላል። ዕቃውን ለመፈተሽ ሁሉንም ገጣጥማችሁ ፍላንጆቹን አንድ በአንድ በመዳፋችሁ ክደኗቸውና ሲስቡ እዩ። ቫልቮቹን አቀያይራችሁም ሁለቱ ወገኖች እኩል ካልሳቡ የዋስትናው ጊዜ ሳያልፍ አስለውጡት።